ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ ብሎ፦ በቡርጅ ሐሙድ ጥሩ ምግብ ቤት ስለ ማግኘት

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምግብ ነው። ስለ ማብሰል ግን አይደለም፤ ማብሰሉንማ ለእናንተ ማን ያስተምራችኋል? ተቀምጦና ተስተናግዶ ስለ መብላት ነው። እሑድ ከጸሎት በኋላ፥ የመግቢያ ሰዓት እስኪደርስ ባለችው አጭር ጊዜ፥ በትንሽ ገንዘብ፥ በቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶች እንዴት እንደምናገኝ እንነጋገራለን።

«ይህ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ምን ርእስ ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አንዲት እኅታችን ያጫወተችንን ስሙ። ቤይሩት በገባች በሦስተኛው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እሑድ እንድትወጣ ተፈቀደላት። ጓደኛዋ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አራት ጠረጴዛ ብቻ ወዳላት ቤት ወሰደቻት። ባለቤቱ ሽማግሌ መጥተው ጠረጴዛውን ጠረጉና ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት። መልስ አልመጣላትም። «የተገኘውን» አለች። ሽማግሌው ግን ቆመው ጠበቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማዳም ምን እንደምትወድ፥ ሚስተር ሽንኩርት እንደማይበላ፥ ልጆቹ የትኛውን አይብ እንደሚመርጡ በልቧ ይዛ ነበር፤ እሷ ራሷ ምን እንደምትወድ ግን የጠየቃት አልነበረም። «ያን ዕለት ከምግቡ ይልቅ ጥያቄው አስለቀሰኝ» ብላናለች።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ሰንበት የተሰጠውን ትእዛዝ ስታነቡ ዕረፍቱ ለቤቱ ጌታ ብቻ እንዳልተሰጠ ታያላችሁ፤ ወንድ አገልጋዩና ሴት አገልጋዩም እንደ እርሱ እንዲያርፉ በስም ተጠቅሰዋል። በሊባኖስም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይላል። ውሉ የማይከበርበት ቤት ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ ይህን የምታነቡት በድብቅ የሆነባችሁም እንዳላችሁ እናውቃለን። ቀኗን ያገኘች ግን ቀኗን በልብስ አጠባና በወረፋ ብቻ እንዳትጨርሳት እንመክራለን።

ሰፈሩን ማወቅ

ቡርጅ ሐሙድ ከቤይሩት ወንዝ ማዶ በስተ ምሥራቅ፥ ከዶራ አደባባይ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዶራን ነው፤ ከሚኒባስ የምንወርደው፥ ገንዘብ የምንልከው፥ ካርድ የምንገዛው እዚያ ነውና። ምግቡ ያለው ግን ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው።

ሰፈሩን የመሠረቱት አርመኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 ከጀመረው እልቂት የተረፉት፥ ፈረንሳዮችም ኪልቅያን ለቀው ሲወጡ የተሰደዱት፥ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቤይሩት ወደብ አጠገብ በካራንቲና በድንኳን ሰፍረው ነበር። በኋላ ወንዙን ተሻግረው ያን ጊዜ ረግረግና የእርሻ መሬት በነበረው በዚህ ቦታ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቡርጅ ሐሙድ በ1952 የራሱ ማዘጋጃ ቤት አገኘ። መንደሮቹን በጠፉባቸው ከተሞች ስም ጠሯቸው፤ ኖር ማራሽ፥ ኖር ሲስ፥ ኖር አዳና። «ኖር» ማለት አዲስ ማለት ነው። እንግዲህ በእነዚህ ጠባብ መንገዶች፥ ከላይ በተጠላለፈው የመብራት ሽቦ ሥር ስትሄዱ፥ በስደተኛ ልጆችና የልጅ ልጆች መካከል እንደምትሄዱ አስቡ። የሚሸጡት ምግብ አያቶቻቸው ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ነው።

ከእኛ ጋርም የቆየ ዝምድና አላቸው። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናት፤ ሁለቱም የኬልቄዶንን ጉባኤ አልተቀበሉም። የኪልቅያው ካቶሊኮስ መንበርም ከቡርጅ ሐሙድ ብዙ በማይርቀው በአንጤልያስ ነው። ደግሞም ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመን ገዳም ያደጉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት የነሐስ ሙዚቀኞች እነርሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ደግሞ እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ የተዘመረውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከአንድ አርመናዊ ባለ ሱቅ ጋር ወሬ ስትጀምሩ ይህን ንገሩት፤ ብዙዎቹ አያውቁትም፥ ሲሰሙት ግን ፊታቸው ይበራል።

ጥሩ ቤት በምን ይታወቃል?

አራክስ በሚባለው የገበያ መንገድና በአርሜንያ መንገድ ላይ ትልልቅ መብራትና የምግብ ፎቶግራፍ የሰቀሉ ቤቶች አሉ። መጥፎ ናቸው አንልም፤ ኪራዩ ውድ ስለሆነ ግን ዋጋውም ያንን ይከተላል። ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ በሉ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ጨምሩ።

በመጀመሪያ አፍንጫችሁን እመኑ። እንጨት ወይም ጋዝ የሚነድበት ምድጃ ካለ ከሩቅ ይሸታል። ቀጥሎ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ እዩ። የሱቅ ሠራተኞች፥ ጫማ ሠሪዎች፥ ወርቅ ሠሪዎችና የሰፈሩ አሮጊቶች የሚሰለፉበት ቤት እምብዛም አያሳፍርም፤ እነርሱ በየቀኑ እዚያው ናቸውና አንድ ቀን ቢበላሽ በማግሥቱ ይሰማል። ሦስተኛ፥ የምግቡ ዝርዝር አጭር ይሁን። አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ የሚሠራ ቤት ያንኑ ለአርባ ዓመት ሲሠራ የኖረ ሊሆን ይችላል። ፒሳም፥ ሱሺም፥ ሻዋርማም፥ በርገርም የሚል ትልቅ ደብተር ሲሰጧችሁ ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ስንት ቀን የቆየ ነገር እንዳለ ጠርጥሩ።

ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ሊባኖስ ከ2019 ወዲህ በኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ከገባች ጀምሮ የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የቀረው በጄነሬተር ነው። በበጋ ሙቀት መብራት ሲቋረጥ የዶሮ ሥጋ፥ ማዮኔዝና ከወተት የተሠራ ነገር ቶሎ ይበላሻል። ታማችሁ ሰኞ ሥራ መቅረት ለእኛ ቀላል ነገር ስላልሆነ፥ ቤቱን ካላወቃችሁት ዓይናችሁ እያየ ከእሳት የወጣውን ምረጡ።

አራተኛው ምልክት ከሁሉ ይበልጣል፥ እርሱም በእጃችሁ ነው። በየሰፈሩ ያለውን ፉርን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ማዳም የተፈጨ ሥጋና ቲማቲም በሳህን ሰጥታ «ፉርን ወስደሽ አስጋግሪ» ስትል የምንሄደው እኛ ነን። የትኛው ዳቦ ጋጋሪ ሊጡን እንደሚያሳሳ፥ የትኛው እንደሚያሳርር፥ የትኛው «ቆይ እኅቴ» ብሎ በትሕትና እንደሚያስተናግድ፥ የትኛው ደግሞ ሌላውን ሁሉ አስቀድሞ እኛን በር ላይ እንደሚያቆም እናውቃለን። የቤይሩት ሰው «የተደበቀ ምግብ ቤት» እያለ የሚፈልገውን እኛ በሥራ ሰዓት ሳህን ይዘን ስንመላለስበት ኖረናል። በዕረፍት ቀን ወደዚያው፥ ወይም ወደ መሰሉ፥ ለራሳችን ልናዝዝ መሄድ ብቻ ነው የቀረን።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ ብዙዎቹ የአርመን ሱቆችና ምግብ ቤቶች እሑድ ይዘጋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት መውጣት የምትችሉ ካላችሁ ሰፈሩ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። እሑድ ብቻ የምትወጡ ደግሞ ክፍት የሆኑትን ፉርኖችና ወደ ታች የምንነግራችሁን የእኛን ቤቶች ፈልጉ።

ምን ይታዘዛል?

ላሕማጁን፦ እንደ ወረቀት በሳሳ ሊጥ ላይ የተፈጨ ሥጋ፥ ቲማቲምና ቅመም ተቀብቶ ይጋገራል። አንዱ ቤት ነጭ ሽንኩርት፥ ሌላው ቀይ ሽንኩርት ይጨምርበታል፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በአርመኖች ዘንድ አያልቅም። ሎሚ ጨምቃችሁ ጠቅልላችሁ ብሉት። ሁለት ወይም ሦስት ለአንድ ሰው ይበቃል፥ ከርካሾቹም ምግቦች አንዱ ነው።

ባስተርማ፦ በጨው የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው፤ ላዩን በአብሽ፥ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ይለብሳል። አዎን፥ በአብሽ! ሱቁ በር ላይ ስትደርሱ የእናታችሁ ጓዳ ትዝ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። በእንቁላል ተጠብሶ በዳቦ ይበላል። የአብሹ ሽታ ግን እስከ ማግሥቱ ከሰውነት ስለማይለቅ፥ ማዳም «ምን በላሽ?» ብላ እንደምትጠይቃችሁ ከወዲሁ እወቁት።

ሙሐመራ፦ ከቀይ ቃሪያ፥ ከለውዝ ዓይነት ፍሬ (ጆዝ ከሚሉት)፥ ከዳቦ ፍርፋሪና ከሮማን ጭማቂ ቅራሪ የሚሠራ ማባያ ነው። የማራሽና የሐለብ ሰዎች ቃሪያ ወዳጆች ናቸው፤ የሊባኖስ ምግብ አልቃጠል ብሎ ያስቸገራችሁ እዚህ ትንሽ ትጽናናላችሁ። ማንቴ የሚባለው ሥጋ የተሞላ ትንንሽ ሊጥ በእርጎ የሚቀርብ ነው፤ ጣፋጭ ነው፥ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ከደመወዝ በኋላ ለሁለት ተካፍላችሁ ሞክሩት።

ቀትር ላይ ደግሞ በትንንሽ ቤቶች በር ላይ በኖራ የተጻፈ የዕለቱ ምግብ ይኖራል፤ «ፕላ ዱ ዡር» ይሉታል። እቤት እንደሚበስለው ያለ ወጥና ሩዝ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ አልቋል።

ስለ ጾም

«ውጭ በልቼ ጾሜን አፈርሳለሁ» ብለው ምንም ሳይቀምሱ የሚመለሱ እኅቶች አሉ። አንድ ቃል ብቻ ያዙ፤ «ቢዘይት»። በዘይት የተሠራ ማለት ነው፥ ሥጋ የሌለበት የአትክልት ምግብ ስም መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ሉቢዬ ቢዘይት ፋሶሊያ በቲማቲም ነው፤ ባምዬ ቢዘይት ባሚያ ነው፤ ዋራቅ ዒናብ ቢዘይት በሩዝና በቅጠላ ቅጠል የተሞላ የወይን ቅጠል ነው። ሙጀደራ ምስርና ሩዝ ነው። ፉል፥ ፈላፈል፥ የዛዕተር መንኡሼም የጾም ናቸው። ፈቴ ግን ሽምብራው ቢያታልላችሁም ከላይ እርጎ አለበት።

«ሲያሚ» የሚለው ቃል ደግሞ የጾም ምግብ ማለት ነው፤ በዐቢይ ጾም ወቅት በየበሩ ተጽፎ ታያላችሁ። አንዳንዱ ቤት ግን ዓሣንም በዚህ ስም ስለሚያቀርብ «ፊ ሰማክ? ፊ ሐሊብ? ፊ ዚብዴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዓሣ፥ ወተት፥ ቅቤ አለበት ወይ ማለት ነው። አርመኖችና ማሮናውያን ፋሲካን በአዲሱ አቆጣጠር ስለሚያከብሩ በብዙ ዓመት ከእኛ ይቀድማሉ። የእነርሱ ፋሲካ ካለፈ የሲያሚው ጽሑፍ ይነሣል፥ እኛ ግን ገና በሕማማት ውስጥ ልንሆን እንችላለን። በእንዲህ ያለ ዓመት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን የሚፈስኩት የግሪክ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ አሽረፊዬ ከወንዙ ማዶ ቅርብ ነው። ቢዘይት ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ሙስሊም እኅቶቻችንም ይህን ጋዜጣ እንደምታነቡ እናውቃለን፤ ለእናንተ ደግሞ ሥጋው ሐላል መሆኑን መጠየቅ እዚህ ሰፈር ማንንም አያስቀይምም።

የእኛው ቤቶች

በቡርጅ ሐሙድ፥ በነብዓና በዶራ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ መንገድ ላይ ግን አይታዩም። ከጸጉር ቤት በላይ ፎቅ ላይ፥ ከበርበሬ መሸጫ ጀርባ ባለ ክፍል፥ ወይም በአማርኛ በተጻፈች አንዲት ወረቀት ብቻ በምትታወቅ ደረጃ መጨረሻ ላይ ናቸው። የምታገኟቸው በመጠየቅ ነው። ሹሩባ የምትሠራችሁን ጠይቁ፤ ገንዘብ ላኪው ቢሮ ወረፋ ላይ ያለችውን ጠይቁ፤ ቡና ሲቆላ ከሸተታችሁ ሽታውን ተከተሉ። ጤፍ ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ ከስንዴ ወይም ከሩዝ ዱቄት ይቀላቅላሉ። «ስንት እጁ ጤፍ ነው?» ማለት ነውር አይደለም። አንድ በያይነቱ ለሁለት መካፈልም ነውር አይደለም፤ ባለቤቷም እንደ እኛ ሰው ቤት ሠርታ ያለፈች ልትሆን ስለምትችል ይገባታል።

እዚህ ላይ ሳንደብቅ የምንነግራችሁ ነገር አለ። እነዚህ ቤቶች ደላሎችም ይመጡባቸዋል። «ከማዳምሽ ውጪ፥ እጥፍ ደመወዝ እናስገኝልሻለን» የሚል ሰው ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ ቡናችሁን ጠጡና ውጡ። በከፋላ ሕግ መሠረት አሠሪውን ያለ መልቀቂያ የተወች ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያ ደላላ ያዘዛትን ሁሉ ለመሥራት ትገደዳለች። በቤት ውስጥ ግፍ የሚደርስባት እኅት ብትኖር፥ ዝም በዪ ማለታችን አይደለም። ለማታውቀው ሰው ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ትንገር፤ ጠበቃና መጠለያ የሚፈለግበት መንገድ አለ።

ገንዘብና ሰዓት

ከመቀመጣችሁ በፊት «አዴሽ?» በሉ፤ ስንት ነው ማለት ነው። እስከ 2019 አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ነበር፤ በ2023 ወደ 90,000 ገደማ ደርሷል። ስለዚህ አንዳንዱ ቤት ዋጋውን በዶላር፥ አንዳንዱ በሊራ ይጽፋል፤ በዶላር ከፍላችሁ መልሱ በሊራ ሲመጣ በስንት እንደመነዘሩት ጠይቁና ቁጠሩ። ሰርቪስ ስትሳፈሩም ከመግባታችሁ በፊት «ሰርቪስ» በሉ፤ ካላላችሁ ሹፌሩ ታክሲ ነበር ብሎ ብዙ እጥፍ ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

የኢቃማችሁን ኮፒ ያዙ፥ የምትሄዱበትንም ለአንድ ጓደኛ ንገሩ። መግቢያ ሰዓታችሁ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ ምግብ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ አትዘዙ፤ እሑድ ማታ የዶራ መንገድ ይዘጋጋል። አንዲት ሰዓት ዘግይታ ገብታ የአንድ ወር እሑዶቿን የተቀጣች እናውቃለን።

ስለ ገንዘቡ ግን አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ምግብ ስናዝዝ ዶላሩን በልባችን ወደ ብር እንመነዝራለን፤ «በዚህ እናቴ ስንት ኪሎ ጤፍ ትገዛበት ነበር» ብለን ጉሮሯችን ይዘጋል። ይህን ሐሳብ አንንቀውም፥ ከፍቅር የመጣ ነውና። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የምትልክ እጅ በወር አንድ ቀን ወደ ራሷ አፍ ብትመለስ ማንንም አልሰረቀችም። የወሩን በጀት ስታወጡ ከሚላከው ለይታችሁ ትንሽ አስቀምጡ፤ የተመደበ ገንዘብ ሲበላ አይጸጽትም።

«ቦታ የለም» ቢሏችሁስ? ባዶ ወንበር እያያችሁ ይህን የሰማችሁ አላችሁ። የሊባኖስ ቱሪዝም ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 የባሕር ዳርና የመዋኛ ቦታዎች ሰውን በዘሩ ወይም በዜግነቱ እንዳይከለክሉ መመሪያ አውጥቷል፤ እንዲህ ያለ መመሪያ ያስፈለገው በደሉ ስለነበረ ነው። በር ላይ ብቻችሁን አትጣሉ፤ ብታዝኑም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የቤቱን ስም ያዙና ሌሎችን አስጠንቅቁ። እዚያው መንገድ ላይ ወንበር የሚስብላችሁ ሌላ ቤት አለ።

በዚህ ወር የሄዳችሁበትን ጥሩ ቤት በወረቀት ጽፋችሁ ከጸሎት በኋላ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። የቅያሱን ምልክት፥ የበላችሁትን፥ የከፈላችሁትን፥ እሑድ ክፍት መሆን አለመሆኑንና እንዴት እንደተቀበሏችሁ ጻፉ። ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም። ማንበብና መጻፍ የምታስቸግራት እኅት ብትኖር እሑድ እሑድ ቡና ለሚያፈሉት እናቶች ትንገራቸው፤ እነርሱ ይጽፉላታል።